አረር በቤቴ ባፈስስ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ በሕጋዊ መንገድ የገዛሁት 38 ስፔሻል ሪቮልቨርም አለኝ። ጎማ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወዳጄ አሮጌ የባላንስ እርሳስ (የመኪና ጎማ ለማመጣጠን የሚለጠፈውን ክብደት) ይሰጠኛል። እሱን በተከራየሁት ቤት ቤዝመንት አቅልጬ አረር (ሲተኮስ ከጥይቱ ተለይቶ የሚወጣውን የእርሳስ ጫፍ) ላፈስስና ልኩን አስይዤ ለመተኮሻ ላዘጋጅ አስቤአለሁ። ጓደኞቼም "ለእኛም ሥራልን፣ የድካምህን እንከፍላለን" ይሉኛል። ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ለራስዎ ሽጉጥ ብቻ ከሆነ አያስፈልግዎትም። የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ የሚጠይቀው ጥይት ማምረትን ንግዱ ያደረገን ሰው ነው፤ ቨርጂኒያም ለግል ጥቅም በሚፈስ አረር ላይ የራሷን ፈቃድ አልጨመረችም። ችግር ሊያመጣብዎት የሚችለው የጓደኞችዎ ጥያቄ ነውና አብዛኛው መልሴ ስለ እሱ ነው።

ብዙ ሰው "ባሩድ የሌለው እርሳስ እንዴት ጥይት ይባላል?" ይላል። ሕጉ ይለዋል። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ቀለሁን፣ ፕራይመሩን (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን)፣ ባሩዱንና አረሩን እያንዳንዱን ለየብቻው "ጥይት" ብሎ ይቆጥራል። የባላንሱ እርሳስ ጥይት አይደለም፤ አቅልጠው በጡብ መልክ ያስቀመጡትም አይደለም። ከሞልዱ (ከማፍሰሻ ቅርጹ) ወጥቶ ፎጣው ላይ የወደቀው አረር ግን ገና ሳይቀዘቅዝ ጥይት ሆኗል።

ስለዚህ ጥይት እንዳይዝ የተከለከለ ሰው ያንን አረር በኪሱ እንኳ ሊይዝ አይችልም። እርስዎ ግሪን ካርድ ስላለዎት፣ ሌላ እንቅፋት ከሌለብዎት፣ ይችላሉ። ጓደኞችዎ ግን እነማን ናቸው? በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በኤች-1ቢ ቪዛ የገባ ሰው የፀና የአደን ፈቃድ ከሌለው ወይም ሌላ ጠባብ ልዩ ሁኔታ ካልሸፈነው ተከልክሏል። ወረቀት የሌለውም እንዲሁ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው የሥራ ፈቃድ ማግኘቱ ጥይት ለመያዝ ፈቃድ አይሆነውም፤ አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። በቤተሰብ ጥቃት የተፈረደበት፣ ጥፋቱ ቀላል የሚባለው ዓይነት ቢሆንም፣ ክልከላው ይመለከተዋል። ባለቤቱ ወይም የልጆቹ እናት የጥበቃ ትዕዛዝ ያወጣችበትም እንዲሁ፤ ትዕዛዙ እሱ ተጠርቶ የመደመጥ ዕድል ካገኘበት ችሎት የወጣ ከሆነ።

በእኛ ማኅበረሰብ ብዙም የማይነሳ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጫት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በአንደኛው የአደንዛዥ ዕፅ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው፤ ሕጉ ደግሞ የእንደዚህ ያለ ዕፅ "ሕገወጥ ተጠቃሚ" የሆነን ሰው ጥይት እንዳይዝ ይከለክላል። ቃሉ ምን ያህል ይሰፋል በሚለው ፍርድ ቤቶች ይከራከራሉ። የክርክሩ መሞከሪያ ባይሆኑ ይሻልዎታል።

ክልከላው ሰጪውንም ይነካል። ተቀባዩ የተከለከለ መሆኑን እያወቁ፣ ወይም ለማወቅ በቂ ምክንያት እያለዎት ቢሸጡለት ወንጀል ነው። የሕጉ ቃል "መሸጥ ወይም በሌላ መንገድ ማስተላለፍ" ስለሆነ "በነጻ ነው የሰጠሁት" ማለት አያድንም። ከ2022 ወዲህ ቅጣቱ ለሰጪውም ለተቀባዩም እስከ 15 ዓመት እስራት ነው። በቪዛ ያለ ጓደኛዎ በዚህ ቢፈረድበት በኢሚግሬሽን ሕግ "አግራቬትድ ፌሎኒ" (ከባድ ወንጀል) ይሆንበታል፤ ከአገር መባረርን ያስከትላል።

ወደ ክፍያው ልምጣ። ስንት አረር ሲሸጥ ነጋዴ ይባላል የሚል ቁጥር በሕጉ የለም። ጥይት አምራች የሚባለው ጊዜውንና ጉልበቱን ሰጥቶ፣ በመደበኛ ሥራነት፣ ለኑሮና ለትርፍ የሚያመርት ነው። ለአንድ ወዳጅ አንድ ጊዜ 200 አረር መስጠት እዚያ አያደርስም። ዋጋ ቆርጦ በየወሩ ማስረከብ፣ በቴሌግራም ማስተዋወቅ ግን ያደርሳል። ያኔ ከኤቲኤፍ (የፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የ06 ዓይነት ፈቃድ ያስፈልግዎታል፦ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር፤ አሻራና ፎቶግራፍ ይያያዛል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ አመልካችን ሊጥል የሚችለው አድራሻው ነው። ሥራው በዚያ ቤት በከተማው የዞኒንግ (የቦታ አጠቃቀም) ደንብ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ የተከራይ ቤት ሲሆን ደግሞ አከራዩም አለ። ባሩድ ሞልተው የተሟላ ጥይት ከሸጡ 11 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይስ ታክስ ይመጣል፤ ባዶ አረር ግን በዚህ ታክስ ውስጥ አይገባም።

እኔ የምመርጥልዎት መንገድ ይህ ነው፦ የማይከለከለው ጓደኛዎ የራሱን እርሳስ ይዞ ይምጣ፣ በእርስዎ ሞልድ በገዛ እጁ ያፍስስ፣ የራሱን ይውሰድ። እርስዎ ያበደሩት ዕቃ እንጂ ያስተላለፉት ጥይት የለም።

ይህን የምለው ለወንጀሉ ብቻ አይደለም። የአረር ልክ ሽጉጡን ተከትሎ የሚለያይ ነገር ነው። ለ38 ስፔሻል የሚፈስስ አረር ብዙ ጊዜ በ0.358 ኢንች ዳይ (ልክ ማስያዣ ቀዳዳ) ልኩን ይይዛል፤ ዳኛው ግን የሲሊንደሩ (ጥይት የሚገባበት ተሽከርካሪ ክፍል) ጉድጓዶች የፊት አፍ ነው። አረሩ በጣት ሲገፋ ትንሽ እየተፋተገ ማለፍ አለበት። ዝም ብሎ ከወደቀ ጠቧል ማለት ነው፤ የባሩዱ ጋዝ በጎኑ ያመልጥና እርሳሱን እየላጠ በርሜሉ ላይ ይለጥፈዋል። የእርስዎ 0.358 ለጓደኛዎ አሮጌ ሽጉጥ ላይሆን ይችላል። ጉዳት ቢደርስ በፍትሐ ብሔር ሊጠየቅ የሚችለው ልኩን ያስያዘው ሰው ነው፤ የተከራይ ኢንሹራንስ ይህን ይሸፍናል ብለው አይተማመኑ፤ ውሉን ያንብቡ።

የባላንሱን እርሳስ በተመለከተ፣ ወዳጅዎ ተቀጣሪ እንጂ የጎማ ቤቱ ባለቤት አይደለም። አሮጌው እርሳስ በኪሎ የሚሸጥ ንብረት ነውና ባለቤቱ መፍቀዱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ፣ የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን፣ ይያዙ። ከዚያ ይለዩት፦ "ዜድኤን" (Zn) የሚል ያለበት ዚንክ፣ "ኤፍኢ" (Fe) ያለበት ብረት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ዚንክ በ419። ሙቀቱን ከ400 በታች ከያዙ ያመለጠዎት ዚንክ ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል፤ በጭልፋ ያውጡት። ከቀለጠ ድስቱን ሁሉ ያበላሻል፣ ሞልዱም በደንብ አይሞላም። ያልደረቀ እርሳስ በቀለጠው ላይ በፍጹም አይጨምሩ፤ አንዲት ጠብታ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆና እርሳሱን ፊትዎ ላይ ትረጨዋለች።

ቤዝመንቱን ግን አልወደድኩትም። የኪራይ ውልዎን ያውጡና "አደገኛ ቁሳቁስ" የሚለውን አንቀጽ ይፈልጉ፤ በአብዛኛው ውል ውስጥ አለ፣ ለማስወጣትም ምክንያት ይሆናል። በዚህ ሙቀት ዋናው አደጋ ጭሱ አይደለም፤ ከላይ የሚገፈፈው ግራጫ ዱቄት በእጅ፣ በልብስና በምንጣፍ ወደ ልጅ አፍ መግባቱ ነው። የሲዲሲ (የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል) የሕፃናት የደም እርሳስ መለኪያ በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ሊፈለግ፣ ፈላጊዎቹም እርስዎ ቤት ሊደርሱ ይችላሉ። ደጅ፣ ልጆች በሌሉበት ይሥሩ፤ ልብስዎን ለብቻ ይጠቡ። ግፋፊውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሰብስበው ከተማው የቤት አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ይውሰዱ። ይህ አገልግሎት ለቤተሰብ ነው፤ መሸጥ ከጀመሩ ቆሻሻው የንግድ ይሆንና ሌላ ደንብ ይከተልዎታል።

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ጓደኛ ካለዎት ደግሞ ለእሱ ምንም አይያዙለት። ዲሲ በስሙ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ተራ ነዋሪ ጥይት እንዳይዝ ትከለክላለች፤ የእሷም ትርጉም አረርን ለብቻው ይጨምራል። እርስዎም ሜሪላንድ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ሲሄዱ ከተማዋ ውስጥ ቡና ልጠጣ ብለው አይቁሙ። ቨርጂኒያን ከሜሪላንድ የሚያገናኘው የዊልሰን ድልድይ እንኳ መሃሉ ላይ የዲሲን ጥግ ይነካል። ሽጉጡን ባዶ አድርገው፣ ጥይቱንና አረሩን ጨምረው ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ከቆለፉ፣ መነሻዎና መድረሻዎም እነሱን መያዝ የሚፈቀድልዎት ቦታ ከሆኑ፣ የፌዴራሉ የመተላለፊያ ሕግ ይጠብቅዎታል።