ሰብዉፈር ያለ አምፕሊፋየር ይሠራል?

ጥያቄ፦ ለቪትዝ መኪናዬ ባለ 12 ኢንች፣ 300 ዋት አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ጉልበት) ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር፣ ገዝቼ ከቴፑ የስፒከር ገመድ ጋር አገናኘሁት። ድምፁ ደካማ ነው። የግድ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አዎ፣ የግድ ነው። ቴፑ ላይ «50 ዋት × 4» ቢጻፍም ያ ለቅጽበት የሚወጣው ጉልበት ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው በአንድ ቻናል ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። ድምፁን ሲጨምሩ ይዛባል፣ ቴፑም ከመጠን በላይ ይግላል። ስለዚህ አሁኑኑ ይንቀሉት። አምፕሊፋየር ለብቻው የማይገዛለት ውስጡ የተገጠመለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከወንበር ሥር የሚገባው።

ለእርስዎ ባለ አንድ ቻናል ክላስ ዲ (ኃይል ቆጣቢ ዓይነት) አምፕሊፋየር ይበቃል፤ ግን 300 ዋቱን በሰብዉፈርዎ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የሚሰጥ መሆን አለበት። ሰብዉፈሩ እያንዳንዳቸው 4 ኦም የሆኑ ሁለት ኮይሎች (የሽቦ ጥቅልሎች) ካሉት፣ በፓራለል (ጎን ለጎን) ሲታሰሩ 2፣ በሲሪየስ (ተከታትለው) ሲታሰሩ 8 ኦም ይሆናል። አምፕሊፋየሩ 2 ኦም የማይችል ከሆነ በፓራለል ማሰር ያጠፋዋል ወይም ያቃጥለዋል።

ፖዘቲቩን በቀጥታ ከባትሪ፣ በ10 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ የመዳብ ገመድ ይሳቡ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በርካሽ ይሸጣል፤ ይግላልና አይግዙት። ባለ 40 አምፔር ፊውዙ ከባትሪው ከ30 ሳንቲ ሜትር አይራቅ፤ ገመዱ ቦዲ ቢነካ መኪናውን ከእሳት የሚያድነው እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ኔጋቲቩ፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው ገመድ ነው። ቀለም ላይ የታሰረ ብሎን ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉና ከ50 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ገመድ ይሰሩት። ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወስደውን የአርሲኤ ገመድ ከፖዘቲቩ ገመድ በተቃራኒው የመኪናው ጎን ያሳልፉ፤ አለዚያ ሞተሩ ሲነሣ ፉጨት ይሰማል። ሎው ፓሱን (ወፍራም ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ) 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉ፤ ጌይኑን (አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የጉልበት ማስተካከያ) ከዜሮ ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ መዛባት ሲጀምር ትንሽ ይመልሱት።