«ስንት ልብስ ይዘዋል?»፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ቦታ ናቸው። ስለ ልብስ መለኪያ ክፍል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የልብስ መደብር ለአሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የቆምኩት መለኪያ ክፍሉ በር ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ሩቅ አይደለም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ የሰውም የሱቅም ስም አላነሳሁም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ሱቅ 8 ቁጥር ልክክ ይልልኛል፣ ሌላው 12 ካልሆነ አይገባኝም። ወፍሬ ነው ወይስ ሱቁ ነው?

መልስ፦ ሱቁ ነው። አሜሪካ በ1958 የወጣ የሴቶች ልብስ ቁጥር ደረጃ ነበራት። በ1983 ተሻረ። አሁን እያንዳንዱ ኩባንያ የፈለገውን ቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩን ተዪውና ልብሱን ለኪው።

ጥያቄ፦ ዲሲ ውስጥ አንድ የልብስ መደብር ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ትራንስጀንደር ሴት ሦስት ቀሚስ ይዛ ልትለካ መጣች። ማናጀሬ «ወደ ወንዶቹ ላኪያት» አለኝ። ላክኋት። ቀሚሶቹን እዚያው አስቀምጣ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋም። አጥፍቻለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ አጥፍተሻል። ማናጀርሽ ደግሞ ከአንቺ ይበልጥ አጥፍቷል። እንቅልፍ መንሳቱ ግን ስለ አንቺ ጥሩ ነገር ይነግረኛል።

ቃሉ ለከበዳቸው አንባቢዎች፦ ትራንስጀንደር ሴት ማለት ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ራሷን ግን ሴት ብላ የምታውቅና እንደ ሴት የምትኖር ሰው ናት።

ዲሲ ውስጥ ነገሩ የማናጀር ውሳኔ አይደለም። የከተማው የሰብዓዊ መብቶች ሕግ የወጣው በ1977 ነው። በ2006 የጾታ ማንነት ተጨመረበት። የማስፈጸሚያ ደንቡ መጸዳጃ ቤትንና የልብስ መለኪያ ክፍልን በስም ይጠቅሳል። ሰው በራሱ የጾታ ማንነት መሠረት ይጠቀምባቸዋል ይላል። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2014፣ ቨርጂኒያ ከጁላይ 2020 ጀምሮ ሱቆች በጾታ ማንነት ምክንያት ደንበኛ ላይ አድልዎ እንዳያደርጉ ከልክለዋል። ፌዴራሉ ይጠብቀናል ብላችሁ የምታስቡ ተሳስታችኋል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስለ አገልግሎት መስጫ ቦታዎች ሲናገር ሆቴልን፣ ምግብ ቤትን፣ ቴአትር ቤትን ይዘረዝራል። ተራ የልብስ ሱቅ እዚያ ውስጥ የለም። ጾታም የለም። የክልልና የከተማ ሕግ ወሳኝ የሆነው ለዚህ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም የየራሳቸው መመሪያ አላቸው። በ2011 ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ የሜሲስ ሠራተኛ የነበረች ሴት አንዲት ትራንስጀንደር ደንበኛን ከሴቶች መለኪያ ክፍል በመከልከሏ ከሥራ ተባራለች። ታርጌት ደግሞ በኤፕሪል 2016 ደንበኞቹም ሠራተኞቹም ከጾታ ማንነታቸው ጋር በሚሄደው መጸዳጃና መለኪያ ክፍል እንዲጠቀሙ በይፋ ጻፈ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ታርጌት አልገባም ብሎ ፈረመ። ኩባንያው መመሪያውን አላነሳም። በዚያው ዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር መድቦ አንድ ሰው ብቻ የሚገባባቸው መጸዳጃዎች ጨመረ።

ነገ ሥራ ስትገቢ የኩባንያውን መመሪያ በጽሑፍ ጠይቂ። ማናጀርሽ እንደገና ካዘዘሽ «በኢሜይል ላክልኝ» በዪው። በኢሜይል የሚልክልሽ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የጥበብ ቀሚስ ማሽን ውስጥ ይታጠባል?

መልስ፦ አይታጠብም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ጥላ ላይ አስጡት።

ጥያቄ፦ ትራንስጀንደር ሴት ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ አሜሪካ ከመጣሁ ዘጠኝ ወሬ ነው። ዲሲ ውስጥ ቀሚስ ልለካ ሄድኩ። ብርድ ስለነበር ኮፍያና ማስክ አድርጌአለሁ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለቱም ልጆች ሐበሾች ናቸው፤ አማርኛ እንደምሰማ አላወቁም። አንዷ «እሱን ደግሞ የት ነው የምንከተው?» አለቻት። ሳቁ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ሁሉም ተይዟል» አለችኝ። ሦስት በር ክፍት ሆኖ እያየሁት። ቀሚሱን ሳልለካ ገዛሁት። ቤት ስደርስ ትከሻው ላይ ጠበበኝ። ልመልሰው ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ መግባት አቃተኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው አለቀስኩ። በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያቺ ልጅ ከዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በፊት እኔ ነበርኩ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። አንዲት ረጅም ሴት አራት ልብስ ይዛ መጣች። ድምጿን ስሰማ ደነገጥኩ። «ለአንተ ሦስተኛ ፎቅ ነው» አልኳት፤ የወንዶቹ እዚያ ነበር። አልተቆጣችም። «እሺ» ብላ ልብሶቹን አንድ በአንድ መስቀያው ላይ መልሳ፣ ዚፓቸውን ዘግታ ሄደች። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ነገሩን አይተዋል። ምንም አላሉኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን አጠገቤ ቁጭ ብለው ስለ እናታቸው አወሩልኝ።

እናታቸው ልጅ እያሉ ደቡብ ውስጥ ነው ያደጉት። ጫማ ሲገዛላቸው ሱቅ ውስጥ መለካት ለጥቁር ክልክል ነው። ስለዚህ እግራቸውን ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ይከቡታል፣ ወረቀቱን ይዘው ይሄዳሉ። ባልቲሞርም ከዚህ ብዙ አልተሻለችም፤ ከእኛ መደብር የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ትልልቆቹ መደብሮቿ ጥቁር ደንበኛ ልብስ እንዲለካ አይፈቅዱም ነበር። ገዝቶ የጠበበውን መመለስም አይችልም። ይህ እስከ 1950ዎቹ የዘለቀ ነው። ሴትዮዋ ታሪኩን ጨርሰው «እኛ እዚያ በር ላይ የቆምነው ለምን እንደሆነ አስቢበት» አሉኝ።

አንቺም ሳትለኪ ገዝተሽ፣ ጠቦሽ፣ መመለስ አቅቶሽ ቤትሽ ተቀመጥሽ። እነዚያ ልጆች ከሰባ ዓመት በፊት እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ራሳቸው ወረቀት ይዘው ይሄዱ ነበር።

እኛ መለኪያ ክፍል በር ላይ የምንቆም ሰዎች የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ስንት ልብስ ይዘዋል? ቁጥር ያለበትን ካርድ እንሰጣለን፣ ሲወጡ እንቆጥራለን። ሥራው ይኸው ነው። የማንንም ሰውነት መመርመር የሥራው አካል ሆኖ አያውቅም።

ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ምን ምክንያት አለን? አማርኛ ጾታን በየግሱ ላይ ይለጥፋል። ይዘሃል፣ ይዘሻል። ግባ፣ ግቢ። ለአንቺ ዓይነት ሰው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወይ ሰላምታ ነው ወይ ጥፊ ነው። ነገር ግን ይኸው ቋንቋ «እርስዎ»ን ሰጥቶናል። ይግቡ። ይዘዋል። ልርዳዎት? ወንድም ሴትም የለበትም፤ ክብር ብቻ ነው ያለበት። ስለማያውቁት ሰው ማውራት ካስፈለገም «እሳቸው» አለ። ለማናውቀው ትልቅ ሰው በየቀኑ የምናደርገውን ለአንቺ ማድረግ ምን ይከብዳል? አንቺን እኔ «አንቺ» ያልኩሽ ራስሽን በደብዳቤሽ እንደዚያ ስለጠራሽ ነው።

አሁን ወደሚደረገው ነገር። የቀሚሱን ደረሰኝ እይው፤ ብዙ ሱቆች በፖስታ መመለስ ወይም ሌላ ቅርንጫፍ መውሰድ ይፈቅዳሉ። ልጆቹን ዳግም የማየት ግዴታ የለብሽም። የሆነውን ግን ዛሬ ማታ ጻፊው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በአማርኛው እንዳለ። ዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አላት። አቤቱታ ማቅረቢያው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። የጥገኝነት ማመልከቻ ገና አላስገባሁም ብለሻል። እህቴ፣ ዘጠኝ ወር ሆኖሻል። ሕጉ የሚሰጥሽ ከገባሽበት ቀን አንድ ዓመት ነው። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም በእነሱ ላይ አትመኪ። በዚህ ሳምንት ጠበቃ አግኚ። ጠበቃ ነው ያልኩት። ፎርም የሚሞላልሽ ሰው፣ ካፌ ውስጥ «እኔ ብዙ ሰው አሳክቻለሁ» የሚልሽ ሰው ጠበቃ አይደለም። ዲሲ ውስጥ ዊትማን ዎከር የሚባለው የጤና ተቋም የሕግ ክፍል አለው፤ ከትራንስጀንደር ሰዎች ጋር ረጅም ዘመን ሠርቷል። ከእሱ ጀምሪ። እነሱ መቀበል ካልቻሉ ወደ ማን እንደሚልኩሽ ጠይቂ። ሌላውን የዚህን ገጽ ምክር ብትረሺው አይከፋኝም፣ ይህን ግን አትርሺ። ጠበቃ ስታገኚ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። አንዱ ወንድ «ሴት ነኝ» ብሎ ልጆቼ ልብስ ሲለኩ ቢገባስ? እናት ነኝ፣ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽን አልንቀውም። ግን መለኪያ ክፍሉን ራሱን አስቢው። በር አለው፣ መቀርቀሪያ አለው፣ ውስጡ አንድ ሰው ነው። ልጆችሽ ትንንሽ ከሆኑ አብረሻቸው ትገቢያለሽ። ሰውን ተደብቆ ማየትና ፎቶ ማንሳት ወንጀል ነው፤ አድራጊው ወንድም ይሁን ሴት፣ ሱሪም ይልበስ ቀሚስ። ለትራንስጀንደር ሰው በሩ ሲከፈት ያ ወንጀል አልተፈቀደም።

በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ጥበቃ የጠራሁበት አንድ ጊዜ አለ። ስልኩን ከግድግዳው ሥር ያስገባ ሰውዬ ነበር። ሱፍ ለብሷል፣ ክራቫት አድርጓል፣ «ባለቤቴን እየጠበቅኩ ነው» ብሎ ነው የገባው። ሴት ነኝ ማለት አላስፈለገውም።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄሽን አጥንተውታል። ጥናቱ በ2018 ወጣ። ትራንስጀንደር ሰዎችን የሚጠብቅ ሕግ ያላቸውን ከተሞች ከሌላቸው ጋር አነጻጸሩ፤ በመጸዳጃና በልብስ መቀየሪያ ክፍሎች ወንጀል ጨምሯል የሚል ማስረጃ አላገኙም። በዚያው ዓመት የክልሉ ሕዝብ ሕጉ ይቅር ወይስ ይቀጥል ተብሎ ተጠየቀ። 68 በመቶ ያህሉ ይቀጥል አለ።

ጉዳት የሚደርስበትን ከጠየቅሽኝ ደግሞ እሱም ተቆጥሯል። በ2015 በመላ አሜሪካ 27,715 ትራንስጀንደር ሰዎች ተጠይቀዋል። ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት አገልግሎት ፍለጋ ገብተው ሠራተኞቹ ትራንስጀንደር መሆናቸውን ካወቁባቸው ወይም ከጠረጠሩባቸው ውስጥ 31 በመቶዎቹ ተከልክለዋል፣ ተሰድበዋል ወይም ተመትተዋል። ከላይ ያለውን የእህታችንን ደብዳቤ እባክሽ እንደገና አንብቢው። እሷም የአንዲት እናት ልጅ ናት።

ጥያቄ፦ ለንደን ነኝ። የእናንተ ሕግ እዚህም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። እዚያ ያለው የ2010 የእኩልነት ሕግ ነው። በኤፕሪል 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያ ሕግ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል የትውልድ ጾታን ነው የሚያመለክተው ብሎ ፈርዷል። ጾታ መቀየር ግን በዚሁ ሕግ አድልዎ ከተከለከለባቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ቀጥሏል። ዝርዝሩን ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለውን የነጻ ምክር ድርጅት ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ። አንዲት እንዲህ ያለች ልጅ የሐበሻ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ልለካት አፈርኩና ሌላ ቀን ነይ አልኳት። ማባረሬ አልነበረም፤ እንዴት እንደምለካት አላወቅኩም። ልጅቷ ጨዋ ናት።

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ ይደውሉላት።

እንደማንኛዋም ሴት ደንበኛዎ ነው የሚለኳት። ሜትሩን ከመዘርጋትዎ በፊት «ልለካሽ?» ይበሏት፤ ይህን ለሁሉም ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ደረቷን የሚለኩት ከቀሚሱ ጋር የምታደርገውን ጡት መያዣ አድርጋ ነው፤ አለበለዚያ በኋላ አይገጥምም። ከትከሻ ይጀምሩ። ትከሻዋ ሰፋ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ወገብና ዳሌ በኋላ ይስተካከላል፣ ትከሻ ከተቆረጠ ግን አይመለስም። እጅጌውን ብብቱ ላይ ላላ ያድርጉት። ጥበቡ ከአንገት እስከ እግር መሐል ለመሐል ቢወርድ ያምርባታል። ከወገብ በታች ሽንሽን ቢኖረው ደግሞ ዳሌ ይሰጣል። ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ጨርቅ ይተዉላት። ስትለካው በሩ ይዘጋ፣ መስታወቱም ንጹሕ ይሁን።

ለፋሲካ ከፈለገችው ቶሎ ይበሉ። ጥበቡ ከሽሮ ሜዳ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።