በነሐሴ ተሠርቶ በጥር የተሰነጠቀ የጠረጴዛ ገጽ

ወንድማችን በነሐሴ ወር፣ በዚያው ሳምንት ከገዙት የባሕር ዛፍ ጣውላ ጠረጴዛ ሠርተው፣ ገጹን በኮላና በብሎን ዙሪያውን ከእግሮቹ ማሰሪያ ጋር አጥብቀው እንደነበር፣ በጥር ግን መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ እንዳገኙት ጽፈው «ጥፋቱ የኮላው ነው ወይስ የእጄ?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ጎንደር በጓሮዬ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት እንጨት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ስለሆነኝ፣ ይህንኑ ጥፋት በራሴ እጅ አይቼዋለሁና በዝርዝር ልመልስልዎ።

ኮላው ጥፋት የለበትም፤ የእጅዎ ሥራም እንደ ገለጻዎ የተስተካከለ ነው። እንጨቱ ገና እርጥብ ነበር፣ እርስዎም እንዳይንቀሳቀስ አድርገው አሰሩት። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያሳይም፤ በወርዱ ግን ይጠባል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በዚህ ከብዙዎቹ የባሰ ነው። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ገጽ ከእርጥብ ጣውላ ከተሠራ ሁለት ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጠብ ይችላል። ከሥሩ ያለው አግዳሚ ማሰሪያ ግን በቁመቱ ስለሚሄድ አይጠብም። አንዱ ሊሰበሰብ ሲል ሌላው ይዞት ስለሚቀር፣ ገጹ በደካማ ቦታው ይቀደዳል። በከተማችን ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ውሃ የጠገበ ሲሆን ከኅዳር ጀምሮ ደረቅ ነፋስ ስለሚነፍስ፣ በክረምት የተሠራ ዕቃ የሚፈተነው በበጋ ነው።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ለእናቴ የልብስ ሣጥን ነበር። ክዳኑ እንዳይጣመም ብዬ ሁለት አግዳሚዎች በኮላ አጣበቅሁበት። ለመስቀል አምሮበት የነበረው ሣጥን ለጥምቀት ክዳኑ ተሰንጥቆ ነበር። እኔም ኮላውን ወቅሼ፣ አዲስ ኮላ ገዝቼ ስንጥቁን መልሼ ገጠምሁት። በሚያዝያ እንደገና ሲሰነጠቅ ግን የተለጠፈው ቦታ እንዳለ ሆኖ፣ ከጎኑ ያለው ጤነኛ እንጨት ነበር የተቀደደው። ኮላው ከእንጨቱ ይልቅ ጠንክሮ እንደነበር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። እርስዎም ስንጥቁን አስጠግተው ይመልከቱት፤ በሁለቱም ከንፈሮች ላይ ተቀድዶ የሻከረ እንጨት ካዩ ነገሩ ከእኔው ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ማድረቅ ነው። ጣውላውን ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ይደርድሩት፤ በየመሐሉም ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ቀጫጭን እንጨቶች ያስገቡ። ጫፍና ጫፉን ቀለም ይቀቡት፤ ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው። መለኪያ መሣሪያ ባይኖርዎት፣ አንዱን ጣውላ ምልክት አድርገው በየሁለት ሳምንቱ በሚዛን ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ይህን ያህል መታገሥ ለሚከብደው ሰው የምመክረው ከፈረሱ ቤቶች የሚወጣ የቆየ በርና ሣንቃ መግዛትን ነው። ለብዙ ዓመታት የደረቀ ነው፤ ምስማሩን አንድ በአንድ ካልነቀሉ ግን መላጊያዎን ያበላሽብዎታል። ዋንዛ ለእጅ የሚመች፣ የማያስቸግር፣ ቀለሙም የሚያምር እንጨት ነው፤ ሆኖም ከጽድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ሕግ ከሚጠብቃቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ አይግዙ።

አሁን የተሰነጠቀውን ጠረጴዛ በተመለከተ፣ ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ እንዳይሞሉት አደራ እላለሁ። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ አብጦ የሞሉትን ይገፋዋልና ሌላ ስንጥቅ ይከፍትብዎታል። ይልቅ ብሎኖቹን ፈትተው፣ ኮላውንም በስለት አላቅቀው ገጹን ነፃ ያውጡትና እስከ ሚያዝያ ጥላ ውስጥ ያቆዩት። ከዚያ በስንጥቁ መሥመር በመጋዝ ለሁለት ከፍለው፣ ጠርዞቹን በመላጊያ ቀጥ አድርገው ያጣብቁት፤ የጎደለው ወርድ ካስከፋዎት ከዚያው እንጨት አንድ ቀጭን ጣውላ መሐል ያስገቡ። መልሰው ሲገጥሙት ገጹን ከማሰሪያው ጋር በኮላ አያገናኙት። በመሐል ያለው ብሎን ብቻ በክብ ቀዳዳ ይጥበቅ፤ ወደ ዳር ያሉት ማሰሪያው ላይ በወርድ አቅጣጫ ሞላላ ሆኖ በተሰፋ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይግቡ። ገጹ በየወቅቱ ሲሰፋና ሲጠብ ብሎኑ አብሮት ይንሸራተታል።

ዘይት ወይም ቫርኒሽ ሲቀቡ ላዩን ብቻ ሳይሆን ሥሩንም ይቀቡ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተቀባ ገጽ ይጣመማል። የተልባ ዘይት ከተጠቀሙ ደግሞ የቀቡበትን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ከዚያ ደጅ አጥሩ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።