ቫይታሚን ዲ ብቻ ሰጥተው እንዳይሸኙልሽ

እህቴ፣ «እናቴ 59 ዓመታቸው ነው፣ አሜሪካ ከመጡ ወዲህ አጥንቴን ይላሉ፣ ቫይታሚን ዲ 14 ነው ተብለው ባለ 50,000 ዩኒት ኪኒን ተሰጣቸው፣ ይበቃል ወይ?» ላልሽው፦ አይበቃም። እኔም የወር አበባዬ ከቆመ ቆይቷል፣ እዚሁ ሜሪላንድ ነው ያየሁትን ያየሁት።

1. ያ ኪኒን በአብዛኛው በሳምንት አንዴ ነው፤ በየቀኑ እንዳይውጡት የሐኪሙን ትእዛዝ አንብቢላቸው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን፣ ጾም ከሆነም ዘይት ያለው ሽሮ ይሆናል። ሲያልቅ ደማቸው እንደገና ይታይ እንጂ ከጎረቤት ተውሰው አይቀጥሉ። ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል።

2. አጥንታቸው ይለካ። ዋናው ይሄ ነው። 14 የሚለው ቁጥር የደሙን ቫይታሚን እንጂ አጥንቱ ምን ያህል እንደሳሳ አይነግርሽም። ሕመሙ ከቫይታሚኑ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ መሳሳቱ ግን እስኪሰበር ድረስ ድምፅ የለውም። የሚለካው ዴክሳ በሚባል ራጅ ነው፣ አልጋ ላይ ጋደም ብለሽ ቶሎ የሚያልቅ፣ መርፌ የሌለው።

እኔ ይሄንኑ ልጠይቅ ክሊኒኬ ብሄድ፣ ሪሰፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «65 ሲሞላሽ ተመለሺ» ብላ መስታወቱን ዘጋችው። ሐኪሙም ቫይታሚኔን ጽፎ ሸኘኝ። በዚያው ክረምት ደጄ ላይ በረዶ አንሸራተተኝና በቆምኩበት ወደቅሁ፣ የእጄ አንጓ እንክት አለ። ድንገተኛ ክፍል ጀሶ አድርገው ሰደዱኝ። ከቁመቷ ወድቃ አጥንቷ ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም! ዘመድ ደግሞ ወጌሻ ፈልጊ ይለኛል።

65 ዓመት ለሁሉም ሴት የተቀመጠው ነው። የወር አበባዋ የቆመና ተጨማሪ ምክንያት ያላት ግን ከዚያ በፊትም እንድትለካ የአሜሪካው የምርመራ መመሪያ ራሱ ይላል፦ ክብደቷ አነስተኛ ከሆነ፣ እናቷ ወይ አባቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከነበረ፣ ሲጋራ ካጨሰች። ከቁመት ወድቆ መሰበርማ ትልቁ ምልክት ነው። መመሪያውን አትሜ፣ ጀሶዬን ይዤ ያችው መስታወት ፊት ቆምኩ። ያን ቀን «ማም» አለችኝ።

በዴክሳ ተለካሁና ውጤቱ ጀርባዬ ላይ ከዜሮ በታች 2.8 መጣ። ከዜሮ በታች 2.5 እና ከዚያም የወረደ የአጥንት መሳሳት ይባላል፣ ቫይታሚን ብቻውን አይመልሰውም። አሁን አለንድሮኔት የሚባለውን የአጥንት መድኃኒት በሳምንት አንዴ እወስዳለሁ፤ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹህ ውኃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ሳይበሉ። ቡናዬን ማስጠበቁ ነው የከበደኝ።

እና እናትሽን ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፣ አያትሽ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃል? አገር ቤት «ወድቀው አልጋ ላይ ቀሩ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አዎ ካሉሽ ሐኪሙ የዴክሳው ትእዛዝ ላይ ምክንያቱን ይጻፈው፣ ካልጻፈው ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ካልሲየም ከ50 በላይ ላለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ነው፣ ከምግብ የመጣውን ጨምሮ። ወተት በጾም ስለሚቀር ጎመኑን፣ ሰሊጡን፣ የጤፍ እንጀራውን አይተዉ። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከካልሲየሙ ጋር 4 ሰዓት ይራራቅ። ይሄን ፋርማሲው ነው የነገረኝ፣ ክሊኒኩማ ምን ጊዜ አለው።