በአነስተኛ በጀት የንግግር መድረክ ለምታዘጋጁ ወጣቶች

የተከበራችሁ ወጣቶች፣

የንግግር መድረክ ልታዘጋጁ አስባችሁ የገንዘቡ ማነስ አሳስቧችሁ ምክር ስትጠይቁኝ፣ ከገንዘቡ አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ማን እንዲሰማችሁ እንደምትፈልጉ ነው። «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚለው መልስ ደግነት ያለበት ቢሆንም ዕቅድ ሊሆን አይችልም። አዳራሹን የሚያማርጠው፣ ሰዓቱን የሚቆርጠውና ተናጋሪውን የሚያስመርጠው የታዳሚው ማንነት ነውና። መድረኩ ሥራ ለሚፈልጉ ተመራቂዎች ከሆነ ቀን ላይ ሊካሄድ ይችላል፤ ቀን ሥራ ላይ ለሚውሉ ሰዎች ከሆነ ግን ያንኑ ንግግር በሥራ ሰዓት መጥራት ወንበር ለብቻው እንዲሰማ ማድረግ ነው።

ገንዘብ ሳይወጣበት መድረክን ከሁሉ በላይ የሚያሻሽለው የተናጋሪዎችን ቁጥር መቀነስና ለእያንዳንዳቸው የተቆረጠ ሰዓት መስጠት ነው። አዘጋጆች ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ ስምንት ተናጋሪ ይጋብዙና የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለደከመና መውጫውን ለሚያይ ሰው እንዲናገሩ ያደርጋሉ። በዓለም ዙሪያ የሚታወቁ መድረኮች በዚህ ረገድ ጥብቅ ናቸው። ቴድ (TED) በተባለው የንግግር መድረክ የሚቀርብ ንግግር ከ18 ደቂቃ እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ በ2003 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቶኪዮ የተጀመረውና በምስል ታጅቦ የሚቀርበው ፔቻ ኩቻ የተባለው የንግግር ዓይነት ደግሞ 20 ምስሎች እያንዳንዳቸው ለ20 ሰከንድ ብቻ እንዲታዩ ስለሚያደርግ ንግግሩ በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይጠናቀቃል። ሰዎች ንግግር ማድረግን በሚለማመዱባቸው የቶስትማስተርስ ክበቦች አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ምልክት እየታየ ተናጋሪው ሰዓቱን እንዲያውቅ ይደረጋል። ይህንን ለማድረግ ሦስት ባለቀለም ወረቀትና ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ታማኝ ሰው ይበቃል። ምልክቱን ግን ለተናጋሪው በዋዜማው ንገሩት፤ መድረክ ላይ ሳለ ድንገት ቀይ ወረቀት ያየ ሰው መደናገጡ አይቀርም።

ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ለድምፅ አውሉት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ባነሩ ያማረ፣ ንግግሩ ግን ከአራተኛው ረድፍ ወዲያ የማይሰማ ዝግጅት ብዙ ጊዜ ስላየሁ ነው። መስማት ያልቻለ ታዳሚ የመድረኩን ጌጥ አያስታውስም። ዝግጅቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ ድረሱ፤ አንዳችሁ ማይክሮፎኑን ይዛችሁ ተናገሩ፣ ሌላችሁ ከመጨረሻው ረድፍ ጥግ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። ስፒከሮቹ ከማይክሮፎኑ ኋላ ከቆሙ ድምፁ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባና ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይነሳል፤ ስለዚህ ከተናጋሪው ፊት ለፊት አልፈው ወደ ታዳሚው ይዙሩ። የሰው ገላና ልብስ ድምፅን ስለሚውጥ፣ በባዶ አዳራሽ የበቃው ድምፅ ሰው ሲሞላ ሊያንስ እንደሚችል አትዘንጉ። ለገመድ አልባ ማይክሮፎን አዲስ ባትሪ ያዙ፤ ትርፍም ይኑራችሁ።

ወደ ማስተዋወቁ ስመጣ፣ በየማኅበራዊ ሚዲያ ቡድኑ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሁሉም አይቶት ማንም ለእኔ ነው የማይለው ነገር ነው። በስም የተጠራ ሰው ግን ይመጣል፤ ባይመጣ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። የአዘጋጅ ቡድኑ አባላት እያንዳንዳቸው ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የሚሏቸውን ሃያ ሰዎች ስም ጽፈው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለምን እርሱን እንደጠሩት በሁለት ዓረፍተ ነገር ገልጸው ይላኩ። ተናጋሪዎቹም የራሳቸው አድማጭ ስላላቸው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የንግግሩን ርዕስ የያዘ ዝግጁ መልእክት ስጧቸው፤ አዘጋጅታችሁ ካልሰጣችኋቸው በሥራ ብዛት ይረሱታል። በጥሪው ላይ «ታላቅ» እና «ልዩ» የሚሉ ቃላትን ከመደርደር ይልቅ፣ ታዳሚው ምን ይዞ እንደሚመለስ በግልጽ ጻፉ። «ስለ ሥራ ፈጠራ የሚደረግ ውይይት» ከሚለው «የመጀመሪያ ደንበኛዬን እንዴት አገኘሁ» የሚለው ርዕስ ሰው ይጠራል።

ነፃ ዝግጅት ላይ ተመዝግበው የማይመጡ ብዙ ናቸው፤ ይህ የእናንተ ውድቀት አይደለም። ለዚህ መፍትሔው በዋዜማው ማስታወስ፣ መምጣት ያልቻለውም በአንድ ቃል እንዲያሳውቅ መጠየቅና ከሚጠበቀው ሰው ጥቂት የሚጠብብ አዳራሽ መምረጥ ነው። ስልሳ ሰው በስልሳ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ተናጋሪው ይበረታል፤ ያው ስልሳ ሰው በሦስት መቶ ወንበር መካከል ሲበተን ግን ታዳሚውም ተናጋሪውም ይቀዘቅዛሉ።

ስፖንሰር ስትፈልጉ በቅድሚያ ገንዘብ አትጠይቁ። ብዙ ተቋማት ገንዘብ ለማውጣት ቢቸገሩም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይሠራበት የሚውል አዳራሻቸውን፣ የድምፅ መሣሪያቸውን ወይም የኅትመት ማሽናቸውን ለመፍቀድ አይቸገሩም። ደብዳቤያችሁ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የምትፈልጉትን ነገር፣ ቀኑንና ዕቃውን በምን ሁኔታ እንደምትመልሱ ይናገር። የተስማማችሁበትንም በጽሑፍ ያዙ፤ በተለይም የአዳራሹን ቁልፍ የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነና ስልኩን አስቀድማችሁ እወቁ።

ዝግጅቱ ባለቀ ማግስት ለተናጋሪዎቹና አዳራሹን ለፈቀዱት ሰዎች የምስጋና መልእክት ላኩ፤ ታዳሚዎቹንም የትኛው ንግግር እንደጠቀማቸውና ቀጥሎ ስለ ምን መስማት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። መልስ የሰጡትን ሰዎች ስም በጥንቃቄ አስቀምጡ፤ ለሚቀጥለው መድረክ ጥሪው መጀመሪያ የሚላከው ለእነርሱ ነው።