ቴምፕሌት ገዝቶ ሳይት መሥራት ማጭበርበር ነው እንዴ?

የዚህ ወር ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ቴምፕሌት (ተሠርቶ የተዘጋጀ የሳይት ንድፍ) ላይ ነው ያረፉት፣ ስለዚህ አንድ ላይ አደረግኳቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አዲስ አበባ ነኝ፣ ዌብሳይት እየሠራሁ ነው የምኖረው። ለአንድ የፈርኒቸር ቤት ወርድፕረስ (ሳይት መሥሪያው ሶፍትዌር) ላይ ሳይት ሠራሁለት፣ ቴምፕሌቱን ቲምፎረስት ከሚባለው የቴምፕሌት መሸጫ ሳይት ገዝቼ ነው። ከተረከበኝ በኋላ የእህቱ ልጅ የዴሞውን (የቴምፕሌቱን ማሳያ ሳይት) ሊንክ አግኝቶ አሳየውና ሰውዬው «ይሄ እኮ ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ስልሳ ዶላር ነው ዋጋው፣ አጭበረበርከኝ» ብሎ ቀሪ ክፍያዬን ያዘብኝ። እውነት አጭበርባሪ ነኝ? ደሞ ያንኑ ቴምፕሌት ለሌላ ሁለት ክላይንት ልጠቀምበት አስቤ ነበር፣ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጭበርባሪ አይደለህም። ግን መጀመሪያውኑ አለመንገርህ ጥፋት ነው፣ ሰውዬውን ያናደደው ቴምፕሌቱ ሳይሆን ከእህቱ ልጅ መስማቱ ይመስለኛል። ሽሮ ሜዳ ቀሚስ የምትሰፋ ሴትዮ ጨርቁን ራሷ አልሸመነችውም፣ ሸማኔው ሌላ ነው፣ ግን ማንም ሄዶ አጭበረበርሽኝ ሲላት አልሰማሁም ምክንያቱም ገዢው ይሄን ያውቃል። ያንተ ደንበኛ አላወቀም፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ላፕቶፕህን ይዘህ ሱቁ ሂድና አጠገቡ ቁጭ በል፣ በአንዱ ታብ ዴሞውን በሌላው የሱን ሳይት ክፈትለት። ሱቁ ድረስ ሄደህ ቁምሳጥኑን ፎቶ ካነሳህ፣ ዋጋውን በብር ካስገባህ፣ በቴሌብር እንዲከፈል ካደረግህ፣ በዳታ በሚከፈት ስልክ እንዳይንቀራፈፍ ምስሎቹን ካሳነስክ፣ እሱን ሁሉ እዛው በዓይኑ ያየዋል፣ አንተም ብዙ ማውራት አይጠበቅብህም። ሁለቱ ታብ ላይ የተለየው ሎጎና ከለር ብቻ ከሆነ ግን ልጁ እውነቱን ነው፣ ዋጋህን ቀንስለት። ለሚቀጥለው ደግሞ ፕሮፎርማህ ላይ በሁለት መስመር ለየው፣ የቴምፕሌቱ ዋጋ ይሄ፣ የኔ ሥራ ይሄ።

ለሌላ ሁለት ክላይንት ስላልከው፣ ቲምፎረስት ላይ የምትገዛው ሬጉላር ላይሰንስ (ተራው የመጠቀሚያ ፈቃድ) ለአንድ ሳይት ነው። ለክላይንት ሠርተህ ብታስረክብ ይፈቀዳል፣ ሁለተኛው ሲመጣ ግን እንደገና ትገዛለህ፣ ሦስተኛው ሲመጣም። ብዙ ሰው ኤክስቴንድድ የሚባለውን ውዱን ከገዛሁ ለሁሉም ይሆነኛል ይላል፣ አይሆንም፣ እሱም ለአንድ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ሰዉ ሳይቱን ራሱን ለመጠቀም የሚከፍል ከሆነ ነው፣ ሶፋ የሚሸጥ ሱቅ ሬጉላሩ ይበቃዋል ምክንያቱም ሰዉ የሚከፍለው ለሶፋው ነዋ። የዶላር ካርድ ራስ ምታት ከሆነብህ (ያልሆነበት ማን አለ) ወርድፕረስ ራሱ ጋ ያሉት ነጻ ቲሞች (የወርድፕረስ ቴምፕሌት ቲም ነው የሚባለው) ሁሉም ጂፒኤል ላይሰንስ (መጠቀምም መቀየርም ማካፈልም የሚፈቅድ) ናቸው፣ አስትራ በለው ጄኔሬትፕረስ በለው፣ በነጻው ቨርዥን ለመቶ ክላይንት ብትሠራ የሚጠይቅህ የለም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ የራሴ ጉድ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ገስት ሃውስ ሳይት ሠርቼ አስረከብኩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ባለቤቷ ደወሉልኝና «ልጄ፣ እኛ ሜልበርን ቅርንጫፍ የከፈትነው መቼ ነው?» አሉኝ። ፉተሩ (የገጹ ግርጌ) ላይ የዴሞው አድራሻ እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ ስልኩም በ61 የሚጀምር የአውስትራሊያ ቁጥር ነው። ስገባ ደግሞ «ሄሎ ወርልድ» የሚለው ፖስት አለ፣ አንዱ ገጽ ላይ ያ ትርጉም የለሽ «ሎረም ኢፕሰም» ተዘርግቷል፣ ያላፈርኩበት ቦታ የለም። ከዛን ቀን ወዲህ ሳይት ከማስረከቤ በፊት የሳይቱ ሰርች ላይ «ሎረም» ብዬ እፈልጋለሁ፣ ፉተሩን ደግሞ በጣቴ እየነካሁ አነባለሁ። የዴሞ ፎቶዎቹንም አትተዋቸው፣ ቴምፕሌቱን ገዛህ ማለት ፎቶዎቹን ገዛህ ማለት አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ለማሳያ ብቻ የገቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። ዴሞው በእንግሊዝኛ ሲታይ ያምራል፣ አማርኛ ሳስገባበት ግን መልኩ ይጠፋል፣ ርዕሱ ይደፈጠጣል፣ መስመሩ እርስ በርስ ይጣበቃል፣ በኔ ስልክና በደንበኛዬ ኮምፒውተር ደግሞ የተለያየ ነው። የኔ ችግር ነው ወይስ የቴምፕሌቱ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ አይደለም። ዴሞውን የሠራው ሰው አማርኛን ሕልሙም ውስጥ አላያትም። ፖፒንስ ወይ ሞንትሰራት ተጠቅሞ ይሆናል፣ እነዚህ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም፣ ስለዚህ ብራውዘሩ «ሀ»ን ሲያጣ መሣሪያው ላይ ያገኘውን ፎንት ያስገባል፣ የቆየ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ለዛ ነው በየመሣሪያው የሚለያይብሽ።

ፎንቱን አንቺው ወስኚለት። ጉግል ፎንትስ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አሉ፣ ሁለቱም ከ100 እስከ 900 ውፍረት ስላላቸው ርዕሱ እውነተኛ ቦልድ ይሆንልሻል። አቢሲኒካ ለረጅም ጽሑፍ በጣም ደስ ይላል፣ እኔ በግሌ ከሁሉም እወደዋለሁ፣ ግን የሚመጣው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው፣ ርዕስ ላይ ቦልድ ስታደርጊው ብራውዘሩ በግድ ያወፍረውና ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ያ ነው የሚደፈጠጠው። ከዛ የመስመር ክፍተቱን ወደ 1.7 ከፍ አድርጊው፣ ፊደል ከፊደል የሚያራርቀውን ሴቲንግ ደግሞ ዜሮ አድርጊው፣ እሱ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ነው፣ የኛን ቃል ይበታትነዋል።

በተኖቹን አትርሺ። «ሪድ ሞር» የነበረው «ተጨማሪ ያንብቡ» ሲሆን በተኑን አልፎ ይወጣል፣ ስፋቱን በቁጥር ከወሰነው ፍቺው። የቲሙን ቃላት ለመተርጎም ኮዱ ውስጥ ገብተሽ አትቀይሪ፣ ሎኮ ትራንስሌት የሚባል ነጻ ፕለጊን (ወርድፕረስ ላይ የሚጨመር ማሟያ) አለ፣ በሱ አንድ በአንድ ትሞያቸዋለሽ።

ሰው ሁሉ የሚረሳት አንዲት ነገር ደግሞ ሊንኩ ናት። በአማርኛ ርዕስ ስትጽፊ ወርድፕረስ ሊንኩንም በአማርኛ ያደርገዋል፣ ከጀርባ ግን እያንዳንዷ ፊደል ወደ 9 ቁምፊ ትቀየራለች፣ ለሊንኩ ያለው ቦታ 200 ቁምፊ ነው፣ ስለዚህ ከ22ኛው ፊደል በኋላ ይቆረጣል። ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊው ደግሞ ያ የፐርሰንት ምልክት ሰልፍ ይመጣል፣ አይተሽዋል። ፐብሊሽ ከማለትሽ በፊት አጭር የላቲን ፊደል ሊንክ ስጪው፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ የሚከፈልበትን ቴምፕሌት በነጻ ይለቁታል፣ ጂፒኤል ስለሆነ ሕጋዊ ነው ይላሉ። አንቲቫይረሴም ንጹህ ነው አለኝ። ልጠቀም?

መልስ፦ አትጠቀም። ጂፒኤል የሚሉት ግማሽ እውነት ነው፣ የወርድፕረስ ቲም ፒኤችፒ (የሚጻፍበት ቋንቋ) ኮዱ ጂፒኤል ነው፣ ጥያቄው ግን አንተ ጋ እስኪደርስ ማን ነካካው ነው። ደብሊውፒ ቪሲዲ የሚባል ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) አለ፣ ወርድፌንስ የሚባለው የወርድፕረስ ደህንነት ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ላይ በሰፊው ጽፎበታል፣ ዋና መሰራጫው እንዲህ በነጻ የሚለቀቁት ቲምና ፕለጊኖች ናቸው። አንዱን ከጫንክ ሌሎቹን ቲሞች ይይዛል፣ ከዛ እዛው ሆስቲንግ (ሳይቶቹ የሚቀመጡበት የኪራይ ሰርቨር) አካውንት ላይ ያሉትን ሳይቶች ይይዛል። ብዙዎቻችን ደግሞ ብር ለመቆጠብ አምስት ክላይንት አንድ ሆስቲንግ ላይ ነው የምንደረድረው። የላፕቶፕህ አንቲቫይረስ ዊንዶውስ የሚያጠቃ ነገር ነው የሚፈልገው፣ ፒኤችፒ ውስጥ የተቀበረች አራት መስመር ብዙ ጊዜ አታሳስበውም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ሳይቴን የሠራልኝ ልጅ ውጭ አገር ሄደ። ሌላ ልጅ አፕዴት ሲያደርገው የተስተካከለው ሁሉ ጠፋ፣ ቲም ልቀይርልዎት ብሎ ሲሞክር ደግሞ ገጾቹ ቅንፍ በቅንፍ ሆኑ። ገንዘቤ ቀለጠ ማለት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አልቀለጠም፣ አይደንግጡ። ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሆነው። የመጀመሪያው ልጅ ማስተካከያውን የሠራው ዋናው ቲም ፋይል ላይ ነው፣ አፕዴት ሲመጣ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ የሱ ሥራም አብሮ ይሄዳል። ቻይልድ ቲም የሚባል ትንሽ ፎልደር አለ፣ ማስተካከያ እዛ ሲቀመጥ አፕዴት አይነካውም፣ ለመሥራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ሰው ይሰንፋል። ሆስቲንግዎ ባክአፕ ይይዝ ከሆነ ልጁ የድሮውን ፋይል ያውጣና ለውጡን ወደ ቻይልድ ቲም ያዛውረው።

ቅንፎቹ ከፔጅ ቢልደሩ (ገጽ መደርደሪያው ፕለጊን) የመጡ ናቸው። ድሮ ከቲሙ ጋር አብሮ የመጣው ፕለጊን፣ ደብሊውፒቤከሪ ይመስለኛል፣ ገጹን በቅንፍ ትእዛዞች ነው የሚያስቀምጠው፣ ፕለጊኑ ሲጠፋ ትእዛዞቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። ጽሑፍዎ መሃላቸው አለ። የድሮውን ቲምና ፕለጊን መልሶ ይጫን፣ ሁሉም ቦታው ይመለሳል፣ ቲም መቀየር ከፈለጉ ከዛ በኋላ ገጹን አንድ በአንድ ነው።

ሲመልሰው ግን አሮጌውን ቨርዥን ጭኖ እንዳይተወው። 2014 ታኅሣሥ ላይ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሶክሶክ የተባለ ማልዌር ከመቶ ሺህ በላይ የወርድፕረስ ሳይት ይዞ ነበር፣ የገባው ስላይደር ሬቮሉሽን በሚባል ፕለጊን ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የሚደፍን አፕዴት ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ ግን ፕለጊኑ በየቲሙ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ ብዙ ባለሳይት ፕለጊኑ እንዳለው ራሱ አያውቅም ነበር፣ አፕዴቱም የሚመጣው የቲሙ ባለቤት ሲልከው ነው።

አሁኑኑ ግን ውጭ ያለውን ልጅ በዋትስአፕ ያግኙትና ሦስት ነገር ይቀበሉት፣ ዶሜኑ (የሳይቱ አድራሻ ስም) በማን ስምና ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ የሆስቲንጉን መግቢያ፣ የቲሙን የግዢ ኮድ። ዶሜኑ በሱ ኢሜይል ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ወደርስዎ ያዛውርልዎት፣ የቀረው ሌላ ጊዜም ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። ለሐበሻ ሬስቶራንቶች ሳይት እሠራለሁ፣ በቴምፕሌት ነው። ፉተሩ ላይ «የተሠራው በ» ብዬ የድርጅቴን ስም ባደርግ ይነወራል?

መልስ፦ ሠርተሽዋል እኮ፣ አድርጊ፣ ባለቤቱን ግን ቀድመሽ ጠይቂ፣ ሳይቱ የሱ ነው። ብቻ ስምሽን ስታስገቢ ሜልበርንን መጀመሪያ ከዛ አስወጪልኝ።