አራት ቀን ጠራ፣ ዱካም አለ፤ እንውጣ ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በረዶው ከጣለ አራት ቀን ሆኖታል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ተዳፋቱ ላይ የሌሎች የስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ዱካ ይታያል፤ ታዲያ ብንወጣ ምን ችግር አለው ነው ያልከው። ችግሩ የበረዶ ናዳ ነው።

መጀመሪያ ዱካውን እርሳው። ዱካ የሚነግርህ ሰው ማለፉን ብቻ ነው። አምስት ሰው በሰላም ያለፈበትን ተዳፋት ስድስተኛው ሊንደው ይችላል። ከላይ ያለው በረዶ በሳሳበት ቦታ፣ ለምሳሌ በድንጋይ ዙሪያ፣ የሰው ክብደት በቀላሉ እስከ ታች ይሰማል። ሰው ከሚሞትባቸው ናዳዎች አብዛኞቹን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ተጎጂው ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው።

አራቱ ቀን የሚያረጋጋው አዲሱን በረዶ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የቆየው ነው። በብርዱ ወቅት መጀመሪያ በረዶው ስስ ሆኖ ሳለ ብርዱ ሲጠና፣ መሬቱ ጋ ያለው ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፣ ላዩ ግን እጅግ ይቀዘቅዛል። በዚህ ልዩነት የተነሳ እንፋሎት ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ የበረዶው ቅንጣቶችም ተለውጠው ማዕዘን ያወጣሉ፣ መያያዝ ያቆማሉ። ጉድጓድ ቆፍረህ ከግርጌው ዝገን። እንደ ስኳር በጣቶችህ መሃል ይፈስሳል፤ አጥብቀህ ብትጨብጠውም ኳስ አይሠራም። በላዩ ጠንካራ በረዶ ከተጫነበት ይህ ንብርብር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሳይጠነክር ይቆያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ቀጥ ያለ ተዳፋት አልነካም፣ ፀሐይዋ የቱንም ያህል ብታምር።

ስትሄድ ከእግርህ ስር «ዉምፍ» ብሎ በረዶው ዝቅ ካለ፣ ወይም ስንጥቅ ከፊትህ ከሮጠ፣ ምንም ክርክር የለም፣ ተመለስ። በቅርብ የወረደ ናዳ ካየህም እንደዚያው።

አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። በስልክህ ለካው። ከ30 በታች ሆነህም ቀና በል፤ ከበላይህ ቀጥ ያለ ተዳፋት ካለ ከታች ሆነህ ልትቀሰቅሰው ትችላለህ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

የናዳ ትንበያውን ስታይ የአደጋ ደረጃው ቁጥር ላይ ብቻ አትቁም። ከአምስቱ ደረጃዎች 3 መሃል ላይ ስለተቀመጠ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በዚያ ቀን ነው። ከቁጥሩ ስር የተጻፈውን አንብብ።

የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁመው የምልክት ማስተላለፊያ፣ በረዶው ውስጥ እየወጉ የሚፈልጉበት ዘንግና አካፋ እያንዳንዳችሁ ጋ ይኑር። የተቀበረ ሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካለፈው የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል፤ ስለዚህ የሚያወጣው ከጎኑ ያለው ጓደኛው ነው።

የኔ መልስ ይኸው ነው፦ ትንበያው የቆየ ደካማ ንብርብር አለ ካለ፣ ያንን ተዳፋት ተዉት፤ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነና ከበላዩ ምንም የሌለበት መንገድ ምረጡ። የዛሬውን ትንበያና ተዳፋቱ ወደ የት እንደሚመለከት ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።